ሳርና ብድር በያቤሎ መንገድ

አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ፣ በዛፍ በተሸፈነው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ግቢ ውስጥ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የመኖ ዕፅዋት የዘር ናሙናዎች ተቀምጠዋል። ሳር አለ፣ የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነ ሐረግ አለ፣ ለቅጠሉ ሲባል የሚተከል ዛፍ አለ። እዚያው ግቢ የደረቀ ሳር ይፈጭና ብርሃን ይለቀቅበታል። ከዱቄቱ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን መኖው ስንት ፕሮቲንና ስንት ቃጫ እንደያዘ በደቂቃዎች ይናገራል። ከዚህ ግቢ ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ እስከ ቦረና ለሚወርድ መንገደኛ አንድ ጥያቄ ይዞ መውጣት ይበጀዋል፦ አበዳሪውም መድን ሻጩም ከብቱን ሲቆጥሩ፣ ከብቱ የሚበላውን የሚመዝነው ማነው?

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ባወጣቸው የናሙና ጥናቶች መሠረት ይህ ሁሉ መንጋ ከሚበላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ ነው። ሲሶ ያህሉ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። ድርቆሽ ከዚያ በጣም ያንሳል። የተሻሻለ የሚባለው መኖ፣ አልፋልፋውም ዝሆኔ ሳሩም ተደምሮ፣ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ስድስት ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ግን ስድስት ኪሎ ምን? ላሟ ራሷ ጭድ አትፈጭም፤ የሚፈጩላት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱም ለሥራቸው ናይትሮጅን ይሻሉ። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፣ የተበላው ጭድ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ላሟም ጠግባ ትከሳለች። የእህል ጭድ ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። በወቅቱ የታጨደ አልፋልፋ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ለዓይን የከብት ምግብ ናቸው፤ ክምሩን ከሩቅ የሚያይ የብድር ሠራተኛ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከአውድማ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ በአሮጌው የዱከም መንገድ የሚያልፍ ሰው ጭድ የጫኑ አይሱዙዎች ሳያጋጥሙት ቢሾፍቱ አይገባም። ጭነቱ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ፣ ግራና ቀኙ ከመኪናው አካል ወጥቶ፣ ከኋላ የሚከተለውን ሾፌር ትዕግሥት ይፈትናል። የአድአ ጥቁር መሬት የጤፍ አገር ነው። ጤፉ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጭዱን የሚሻሙት ሁለት ናቸው፦ ከብት ያለውና የጭቃ ቤት የሚሠራው። መራጊው ጭድ ሲገዛ ስለ ፕሮቲኑ አይጨነቅም፤ ባለላሙም ቢሆን የሚገዛው በሸክምና በመኪና እንጂ በጥራት አይደለም።

ቢሾፍቱና አካባቢዋ የወተት አገር ናቸው። እዚህ ያሉ ወተት አምራቾች በጭድ አይወሰኑም። ፍሩሽካ ይገዛሉ፣ ከፋብሪካ የተቀነባበረ መኖ ይገዛሉ፣ ከሁሉም በላይ ፋጉሎ ይገዛሉ። ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣለት ኑግ የሚቀረው ይህ ጥቁር ቂጣ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ለወተት ላም ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ መኖ ማግኘት አይቀልም። ጣጣው ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። እርጥበት ያገኘው ፋጉሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም በላሟ በኩል አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ይህን መርዝ አገኘ፤ አውሮፓውያን ለወተት ካስቀመጡት ወሰን ያላለፉት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። ጣቱን የቀሰረውም ፋጉሎው ላይ ነበር።

ወሬው አዲስ አበባን ለሳምንታት አስደነገጠ፤ ወተት የተወ ሰውም ነበር። ከድንጋጤው በኋላ የቀረው ጥያቄ ግን የገንዘብ ነው። ፋጉሎ ሳይሻግት የሚከርምበት፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ አየር የሚያገባ ደረቅ መጋዘን ውድ ነገር አይደለም። ቢሆንም ለወተት ሥራ የሚጠየቅ ብድር ሲጻፍ ላም ለመግዛት ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለመኖ መጋዘን ልበደር ብሎ የሚቀርብ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢቀርብም የሚያበድረው መጋዘኑን ከወተቱ ጋር ማገናኘት ይቸግረዋል።

ሞጆ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ። ደረቅ ወደቡ፣ የቆዳ ፋብሪካዎቹና ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት ቄራዎች እዚህ ናቸው። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው የቦረና በግና ፍየል ወደ ዱባይና ወደ ጅዳ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በዚህ ያልፋል።

ከሞጆ በታች ስለ ማድለብ ማውራት ይቻላል፤ ስለ ማድለብ ሲወራ ደግሞ ስለ ብድር ይወራል። የገጠሩ ብድር ባብዛኛው የብድርና ቁጠባ ተቋማት ብድር ነበር። ትልልቆቹ ባለፉት ዓመታት ባንክ ሆነዋል፤ በአማራ ክልል አብቁተ ጸደይ ባንክ፣ በኦሮሚያም የክልሉ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሲንቄ ባንክ ተብለዋል። ስሙ ቢቀየርም ገበሬው የሚያውቀው አሠራር የቡድን ዋስትና ነው፦ ጥቂት ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ፣ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ንብረት ለሌለው ሰው በር የከፈተ አሠራር ነው፤ ጉርብትናን ያቃቃረበት ጊዜም አለ።

በሬ ለማድለብ የተበደረ ገበሬ ገንዘቡን ይዞ ገበያ ይወጣል። በሬው ብድሩን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው፤ ለፍሩሽካና ለፋጉሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሦስትና በአራት ወር ይሸጣል የተባለው በሬ በጭድ ብቻ ሲያዝ በስድስት ወርም ሥጋ አይጨምርም። የመክፈያው ቀን ግን ይደርሳል። በሬው ከሲታ እንደሆነ ይሸጣል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ የተቋሙ መዝገብም ብድሩ በወቅቱ ተመለሰ ይላል። ገበሬው ግን ስድስት ወር የደከመበትን አላገኘም። መዝገቡ የሚያሳየው የተቋሙን ጤና ስለሆነ ይህ ኪሳራ የትም አይጻፍም።

ወቅቱም አለ። መኖ የሚረክሰው ከአጨዳ በኋላ ነው፤ የሚወደደው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሜዳው ሲራቆት። በታኅሣሥ የገዛና ያከማቸ ሰው በግንቦት ያተርፋል። ታኅሣሥ ግን የገበሬው ኪስ በብዙ አፍ የሚጠራበት ወር ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ይጠበቃል፣ የልጆች ወጪ ይጠበቃል፣ ሠርጉም ከጥር ጀምሮ ነው። ከዓመቱ ሁሉ ለአንድ ከብት አርቢ የሚጠቅመው ትንሽ ብድር፣ ከአውድማው ማግስት ተሰጥቶ ከዝናቡ በኋላ የሚመለስ የመኖ መግዣ ነበር። በብድር ቅጾች ላይ እሱን ፈልጎ ማግኘት አይቀልም።

ሕጉ ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ ባንክ የገበሬን ማሳ በመያዣነት ሳይቀበል ኖረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ግን ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከብትን ጨምሮ፣ በመያዣነት ማስመዝገብ እንዲቻል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ በር ከፈተ። ከብቱ መያዣ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ በተለይ፣ ሌላ ንብረት የለውምና። ነገር ግን ቤት መያዣ ሲሆን ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ግድግዳውን ያስገምታል፤ ግድግዳው በሁለት ወር አይከሳም። ላም ግን በጥር የተገመተችው ሌላ፣ በሚያዝያ የምትገኘው ሌላ ናት። በመካከል ያለው ልዩነት መኖ ነው፣ መኖውን የሚጠይቅ ግምት ግን የለም።

ጭዱን ራሱን ማሻሻል የሚቻልበት ብልሃት አለ፤ የግብርና ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት አስተምረውታል። አምስት ኪሎ ዩሪያ በመቶ ሊትር ውኃ ይሟሟል፣ አንድ ኩንታል ጭድ ላይ ይረጫል፣ አየር እንዳያገኝ በላስቲክ ተሸፍኖ ለ21 ቀን ይታፈናል። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ጭዱ ግን ለስልሷል፣ ናይትሮጅኑም ጨምሯል። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለምን አልተስፋፋም? ገበሬው ዩሪያን የሚያገኘው በማዳበሪያነት፣ በወረፋና በዕዳ ነው። እጁ የገባችውን አንዲት ከረጢት ለጤፉና ለስንዴው ትቶ ለጭድ ይረጫል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አርሲ ነገሌ ከመድረሱ በፊት መንገደኛውን የሚቀበለው የአረቄ ሽታ ነው ይባላል፤ ማጋነን አለበት፣ ውሸት ግን አይደለም። ከተማዋ በካቲካላ የታወቀች ናት። በየጓሮው ጠላው ተጠንስሶ፣ በእሳት ተጥዶ፣ አረቄው በቱቦ ተንጠባጥቦ ሲወጣ በጋኑ የሚቀረው አተላ ነው። አተላው ለከብት ይሰጣል፤ በአካባቢው የሚደልቡ በሬዎች ከዚሁ ይጠጣሉ። አረቄ የምታወጣ ሴት እህሉን በአንድ በኩል ወደ ጥሬ ገንዘብ፣ በሌላ በኩል ወደ በሬ ትለውጠዋለች። መኖዋን በብድር አልገዛችውም፤ አረቄው ከፍሎላታል። የሥራው ጭስና የማገዶው ፍጆታ ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ መኖ ፋይናንስ ከተቆጠረ ግን ከብዙ ፕሮጀክቶች የረቀቀ ነው፣ ማንም ሳያቅደው የተሠራ።

ከሐዋሳ በኋላ ያለውን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በሲዳማ ሳር ሲጠፋ የእንሰት ቅጠል ይቆረጣል፤ በእርከኑ ጠርዝ ላይ አፈሩን ይዞ የሚያድገው ዴሾ ሳር ታጭዶ ቤት ላለችው ላም ይገባል። ጌዴኦ፣ ባህላዊ መልክዓ ምድሩ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የተመዘገበለት፣ ቡናና እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር የተቃቀፉበት ደን መሳይ አገር ነው፤ ከብቱ ጥቂት ነው። ከቡሌ ሆራ ቁልቁል አፈሩ ይቀላል፣ ሰማዩ ይሰፋል፣ ግመል መታየት ይጀምራል። ያቤሎ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቦረና ላይ መኖ ማለት ዝናብ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገንና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሀገያ። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አምስት ተከታታይ ወቅቶች ከሸፉ፤ በአፍሪካ ቀንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ቦረና ውስጥ መንጋው ሙሉ በሙሉ ያለቀበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ከደጋው ድርቆሽ የጫኑ መኪኖች ቁልቁል ወረዱ። ድርቆሽ ለክብደቱ ብዙ ቦታ የሚይዝ ጭነት ነው፤ በዚህ ርቀት ሲጓጓዝ የሳሩን ዋጋ የነዳጁ ዋጋ ይበልጠዋል። ዘግይቶ ስለሚደርስም ከፊሉ የሚበላው ላም እየጠፋ ነው የሚራገፈው።

ቦረናዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ከብቱ ያለቀበት ሰው በቡሳ ጎኖፋ ከጎሳው ከብት ይሰበሰብለታል፤ ዛሬ የሚሰጠው ነገ ይቀበላል። ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ደግሞ ካሎ አላቸው፦ በእሾህ የታጠረ፣ እስኪከፈት ድረስ ማንም የማይገባበት የሳር ክምችት። ቁጠባም መድንም በአንድ ቦታ አለ ማለት ነው። ሥርዓቱ የሚፈተነው ድርቁ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሲመታ ነው፤ ሁሉም ያጣ ጎሳ ከማን ይሰበስባል?

በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ሞያሌ ላይ የተሠራ አንድ ሥራ እዚህ ሊጠቀስ ይገባል። ከብቱ ሳይሞት እንዲሸጥ ለማድረግ መንግሥትና ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኤስኤ ነጋዴዎችን ከመንደሮቹ ጋር አገናኙ፤ ለሁለት ነጋዴዎችም ለእያንዳንዳቸው 25 ሺህ ዶላር ብድር ተሰጠ። ወደ 20 ሺህ የሚገመቱ ከብቶች ተገዙ፣ ዋጋቸውም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ከብት የሸጠ ቤተሰብ በአማካይ 186 ዶላር አገኘ። የሚያስገርመው ገንዘቡ የዋለበት ነው፦ እዚያው አካባቢ ከወጣው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለቀሩት ከብቶች ነው የዋለው፣ ለመኖ ግዢና ሳር ወዳለበት በመኪና ለማጓጓዝ። ማንም ለመኖ አውሉት አላላቸውም። አርብቶ አደሩ ጥሬ ገንዘብ በሰዓቱ ሲያገኝ ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ከዚያ ሳተላይቱ መጣ። በድንበሩ ማዶ፣ በኬንያዋ ማርሳቢት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የተጀመረው የእንስሳት መድን በ2004 ዓ.ም. ክረምት በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ አማካይነት ቦረና ገባ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብሎ ላደገ የደጋ ሰው ነገሩ ለቀልድ የተመቸ ነው። አሠራሩ ግን ጨዋታ አይደለም። ሳተላይቱ በየቀጠናው ያለውን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከብዙ ዓመቱ ልክ በጣም ሲወርድ ውል የገቡ ሁሉ ይከፈላቸዋል። የማን ላም ሞተች ተብሎ አይጣራም፣ በረሃ ለበረሃ የሚዞር ገማች አያስፈልግም። ሥራውን በኢልሪ የመራው ኬንያዊው ኢኮኖሚስት አንድሩ ሙዴ እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርማን ቦርላግ ስም የሚሰጠውን የመስክ ምርምር ሽልማት አግኝቶበታል።

የዚህ መድን ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ለውጥ አለ። መጀመሪያ የታሰበው ለሞተው ከብት ካሳ ለመክፈል ነበር። በኋላ ሐሳቡ ተገለበጠ፦ ከብቱ ከሞተ በኋላ ከመክፈል፣ ሳሩ ገና መጥፋት ሲጀምር ከፍሎ መኖና ውኃ እንዲገዛበት ማድረግ። ያኔ መድኑ የላም ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የመኖ ዋጋ ሆነ። ከጉርድ ሾላ እስከዚህ ባለው መንገድ ሁሉ ገንዘብ ሳሩን በቀጥታ የተመለከተው እዚህ ብቻ ነው፤ ለብድር ተቋማቱ ትምህርት ሊሆን የሚገባውም ይህ ይመስላል። አበዳሪ የመኖን ዋጋ በብድሩ ውስጥ ለይቶ ቢጽፍ፣ የራሱን መያዣ ነው የሚቀልበው።

ግን ሳተላይቱ የሚያየው አረንጓዴን ነው። አረንጓዴ ሁሉ አይበላም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የግጦሽ መሬት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ቦረና ውስጥ ቁጥቋጦ ተስፋፍቷል፤ እሳቱ ቀድሞ ችግኙን እየበላ ሳሩን ያሳድስ ነበር። ፉለንሳ የሚባለው እሾሃማ ግራር በያዘው ሜዳ ሥር ማታ ጉዴሳና አላሎ የሚባሉት፣ ከብት የሚወዳቸው ሳሮች ይሳሳሉ። ከብቱ እሾህ ውስጥ ገብቶ የሚነጨው ጥቂት ነው፤ ከሰማይ ሲታይ ግን ቦታው ልምላሜ ነው። ከብቱ እየከሳበት ካሳ ያልተከፈለው ሰው ለሻጩ ወኪል የሚያነሳው ክርክር ይህ ነው፣ ወኪሉም በእጁ ባለው ሰንጠረዥ የሚመልሰው የለም። ጉርድ ሾላ ያለው መብራት የአንድ እፍኝ ሳር ፕሮቲን ይነግራል፣ ሰማይ ላይ ያለው ዓይን ደግሞ የአንድ ወረዳን አረንጓዴነት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ የዚህች መንደር ከብት ዘንድሮ ምን በላ የሚለውን፣ ለአሁኑ የሚያውቀው እረኛው ነው።

በያቤሎ ዙሪያ በሴፍቲኔት የሥራ ቀን ፉለንሳ የሚመነጥሩ ሰዎች ይታያሉ። የተቆረጠው እሾህ የካሎ አጥር ይሆናል፣ በተለቀቀው መሬት ሳሩ ይመለሳል። የሚከፈላቸው በማኅበራዊ ዋስትና ሒሳብ ስለሆነ በየትኛውም ባንክ መዝገብ የመኖ ብድር ተብሎ አይገኝም። የመድኑ ቀጠና ሰፊ በመሆኑም አንድ የጸዳ ካሎ የሳተላይቱን ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም አያንቀሳቅሰውም፤ ሳሩን ያሻሻለ መንደርና ያላሻሻለው አንድ ዓይነት አረቦን ይከፍላሉ። ሽያጩ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በጥርና በየካቲት ከገንና በፊት፣ በነሐሴና በመስከረም ከሀገያ በፊት።